ዋንዛው በሦስት ቀን ራቁቱን ቀረ? ቅጠል በሊታው ትል ከሰነበተ ቆይቷል

«ትናንት ደህና ነበር፣ ዛሬ ቅጠል የለውም!» ጎንደር ውስጥ ክረምት በመጣ ቁጥር በዚህ ነው የሚደወልልኝ። ትናንትም ደህና አልነበረም።

ምልክቱ፦ የቅጠሉ ጅማት ብቻ ቀርቷል፤ ከዛፉ ሥር ጥቁር የትል ኩስ ተነስንሷል።

ምክንያቱ፦ አባጨጓሬ እያደገ ሲሄድ ቆዳውን ደጋግሞ ይጥላል፣ በጣለ ቁጥርም ወደሚቀጥለው ዕድሜ ይሸጋገራል፤ አበላሉ ግን በየዕድሜው እኩል አይደለም። የሐር ትልን እዩ። አምስት ዕድሜ አለው፤ ከሚበላው ቅጠል ከ80 በመቶ በላይ የሚጨርሰው በአምስተኛው ነው። የደን ትሎችም ጠባያቸው ይኸው ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ደን የሚያራቁተው ሊማንትሪያ ዲስፓር የሚባለው የእሳት እራት፣ አንዱ ትል ብቻውን እስኪያድግ 1 ካሬ ሜትር ገደማ ቅጠል ይበላል፤ ከዚያ ውስጥ ትንሽ ሳለ የሚበላው ከቁጥር አይገባም። ለዚህ ነው ማንም ሳያየው የሚያድገው።

አምና አዘዞ አንድ ግቢ ሄድኩ። «ልጄ፣ ሦስቴ አስረጭቻለሁ እኮ» አሉኝ እናትዬዋ። መድኃኒቱ በውሃ ፕላስቲክ የተቀዳ ነው፤ ስም የለው፣ ቀን የለው። እባካችሁ እንዲህ ያለ ነገር አትግዙ፣ የሚሸጡላችሁም ሰዎች ይፈሩ! ቅርንጫፉን ነቀነቅኩት፤ አንድም ትል አልወረደም። አፈሩን በጣቴ ጫር ሳደርገው ሙሽሬ ወጣ፣ ትሉ ክንፍ ከማውጣቱ በፊት ተሸፍኖ የሚቆይበት መልኩ ነው፤ ቡናማ፣ ስነካው ጭራው የሚወራጭ። ትሉ በልቶ፣ ጠግቦ፣ አፈር ገብቷል። ሦስቱም ርጭት ባዶ እንጨት ላይ ነው የፈሰሰው።

መፍትሄው፦ ማታ ከዛፉ ሥር ነጭ ጨርቅ አንጥፉ፣ ጠዋት ኩሱን እዩት። እንደ ጤፍ ከደቀቀ ትሉ ገና ጨቅላ ነው፤ ጀርባው ተፍቆ ወንፊት የመሰለውን ቅጠል ፈልጉ፣ ብዙ ጊዜ እዚያው ተሰብስበው ታገኟቸዋላችሁ፣ ከነቅጠሉ ቆርጣችሁ የሳሙና ውሃ ውስጥ ክተቱ። መርጨት ካለባችሁም ጊዜው አሁን ነው። ኩሱ ቁንዶ በርበሬ ካከለ ግን የቀራችሁ ጥቂት ቀን ነው፣ ትልልቁን ትል መድኃኒት እምብዛም አይጥለውም፣ በእጅ ልቀሙ። ጓንት አድርጉ፤ ጸጉራሙ ያሳክካል፣ ልጆች አይንኩት። ዋንዛው ካበበ በጭራሽ አትርጩ፣ ንብ ትፈጃላችሁ። ኩስ ከሌለም አትርጩ።

ቅጠሉ ተጠቅልሎ ከሆነ ሌላ ትል ነው፤ ጥቅልሉን መቁረጥ ይበቃል።

የተራቆተ ዋንዛና ብሳና ውሃ ካገኘ ያቆጠቁጣል፣ አትቁረጡት። ጥድ ላይ ኩስ ካያችሁ ግን ዛሬ ነገ አትበሉ፤ እሱ እንደነሱ ቶሎ መልሶ አይለብስም።