አዲስ ሙዚቃ እንዴት ይታደናል

የሙዚቃ አፑ አልጎሪዝም (በምርጫችሁ ተመርኩዞ ዘፈን የሚመርጥላችሁ ሥርዓት) የሚያቀርብላችሁን ብቻ እየሰማችሁ ከሆነ ተበልታችኋል። እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ።

ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ አዳዲስ አልበሞች በአብዛኛው የሚለቀቁት አርብ ነው። ስለዚህ ሐሙስ ማታ የጆሮ ማዳመጫዬን ቻርጅ አድርጌ ነው የምተኛው (ቤተሰቦቼ ይስቁብኛል፣ ይሳቁ)።

ዋናው ዘዴ ሙዚቀኛውን ብቻ ሳይሆን ሌብሉንም (ሙዚቃውን የሚያወጣውን አሳታሚ) መከተል ነው። ትንንሽ ሌብሎች የራሳቸው ጣዕም አላቸው፤ አንድ ሥራቸው ከጣማችሁ ቀጣዩም የሚጥማችሁ ዕድሉ ሰፊ ነው። ለምሳሌ 1432 አር የሚባለውን የዋሽንግተን ዲሲ ሌብል ጎርጉሩት፤ የሙዚቀኛውን የሚካኤል ሰይፉንም፣ ኢትዮጵያን ሪከርድስ በሚል ስም የሚሠራውን የእንደገና ሙሉንም ሥራ እዚያው ታገኛላችሁ፣ የአገር ቤት ዜማ ከኤሌክትሮኒክ ምት ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚሆን በጆሯችሁ ትሰማላችሁ።

ከዚያ ባንድካምፕ ግቡ፤ ሙዚቀኞችና ሌብሎች ሥራቸውን በቀጥታ ለአድማጭ የሚሸጡበት ድረ ገጽ ነው። ሌብሉን ፎሎው አድርጉ፣ አዲስ ሲወጣ በኢሜይል ይነግራችኋል። የአንድን አልበም ገዢዎች ምስል ስትነኩ ሌላ ምን እንደገዙ ይታያል። እኔ ምርጥ ምርጡን ያገኘሁት እንዲህ የማላውቀው ሰው መደርደሪያ ውስጥ ገብቼ ነው።

በስልክ ስፒከር ግን እንዳትሰሙ! ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) ድራሹ ይጠፋል፤ የሚቀረው ቲስ ቲስ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ሰምታችሁም አትፍረዱ፣ እስከ ሦስተኛው ጊዜ ድረስ ዕድል ስጡት።

ከወደዳችሁት ግዙ። ባንድካምፕ ከዲጂታል ሽያጭ የሚወስደው 15 በመቶ ነው። ባንድካምፕ ፍራይዴይ በሚባሉት ቀናት ደግሞ የራሱን ድርሻ ይተዋል፤ እኔ ምኞቴን ሁሉ አጠራቅሜ የምገዛው ያን ቀን ነው።