ትልቅ ብር ለ7 ወይ ለ13 ሰው እኩል ይካፈላል?

ቅዳሜ ገበያ በሽርክና ለምትነግዱ የጎንደር ልጆች፣ ቤት ውስጥ ተማሪ ለምታስጠኑም። ለ2፣ ለ3 እና ለ5 መካፈሉን አይተን እናውቃለን። የምንጨናነቀው 7 እና 13 ላይ ነው።

የደረሰኝ ጀርባ ይበቃችኋል። ቁጥሩን ከቀኝ ጀምራችሁ ሦስት ሦስት አሃዝ ቁረጡት። የቀኙን ያዙና ቀጣዩን ቀንሱ፣ የሚከተለውን ደምሩ፣ እንዲህ እያፈራረቃችሁ ሂዱ። 5,214,286 ብር ነው እንበል። ከ286 ላይ 214 ሲነሳ 72። 5 ሲጨመር 77። 77 ለ7ም ለ11ም ስለሚካፈል ሙሉው ብርም ይካፈላል። 77 ለ13 ሲካፈል ግን 12 ይተርፋል፤ ሸሪኮቹ 13 ከሆኑ 12 ብር ትተርፋለች። (ሻይ ጠጡባት፣ ከበቃች።)

ምስጢሩ 7 × 11 × 13 = 1,001 መሆኑ ነው። ሺህ ከዚህ በ1 ብቻ ያንሳል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሺህ አንድ እንደሚያስቀንስ ይቆጠራል። ሚሊዮን ሺህ ጊዜ ሺህ ስለሆነ ተመልሶ ይደመራል።

ውጤቱ ከዜሮ በታች ከወጣ 1,001 ደምሩበት። የእያንዳንዱን ድርሻ ግን አይነግራችሁም፣ እሱን ካልኩሌተር ይጨርሰው። ለ17 እና ለ19 አትሞክሩት፣ አይሠራም።