ኬብልና ቱቦ ሳይጎዱ በውሃ ግፊትና በቫኪዩም መቆፈር

የኤክስካቫተር ጥርስ አፈርን ከኬብል አይለይም፤ ዶማም እንዲሁ። በዚህ ዘዴ ግን ውሃው አፈሩን ይፈታል፣ ቫኪዩሙ (አየር የሚመጠው መሣሪያ) ጭቃውን እየሳበ ወደ መምጠጫ መኪናው ታንከር ይከታል፣ የተቀበረው መስመር ባለበት ይገለጣል። ይህ የሚሆነው ውሃው በልክ ሲያዝ ነው። ከልክ ካለፈ የኬብል ሽፋን ይልጣል፣ የፕላስቲክ ቱቦም ይቦረቡራል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከመስመሮቹ ባለቤቶች ካርታ ይውሰዱ፣ ቦታውን በመፈለጊያ መሣሪያ ፈትሸው በቀለም ምልክት ያድርጉ። ካርታው ላይ የተጻፈውን ጥልቀት አይመኑ፤ መስመሩ ከተቀበረ በኋላ መሬቱ ተቆርጦ ወይም ተሞልቶ ሊሆን ይችላል። መኪናውን ከጉድጓዱ ጠርዝ ርቆ ጠንካራ መሬት ላይ ያቁሙት፦ 1 ሜትር ኩብ ውሃ 1 ቶን ይመዝናል፣ ጭቃ ደግሞ ከዚያ ይከብዳል። የመምጠጫውን ክንድ እስከ 50 ኪሎ ቮልት ከሚሸከም የአየር ላይ መስመር ቢያንስ 3 ሜትር ያርቁ፤ ቮልቴጁ ከዚያ ሲበልጥ ርቀቱም ይጨምራል። የኤሌክትሪክ ኬብል ይኖራል ተብሎ ከተጠረጠረ መኪናው በሽቦ ከመሬት ጋር ይገናኝ (ኤርዝ ይደረግ)፣ ኦፕሬተሩም ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ቦቲና ጓንት ያድርግ።

ግፊቱን ዝቅ አድርገው ይጀምሩና አፈሩ መፈታት እስኪጀምር ብቻ ቀስ እያሉ ይጨምሩ። መስመር አጠገብ ከ170 ባር (2,500 ፒኤስአይ ገደማ) አይለፉ። ኖዝሉ (ውሃው የሚወጣበት አፍ) የሚሽከረከር ወይም ውሃውን እንደ ማራገቢያ የሚበትን ይሁን። በአንድ ቀጭን መስመር የሚተፋ ኖዝል እንደ ቢላ ስለሚቆርጥ እዚህ ሥራ ላይ ቦታ የለውም። ውሃ የሚሞቅ ከሆነ ከ45 ዲግሪ ሴልሺየስ አይብለጥ፤ ሙቀት ፕላስቲክን ያለሰልሳል።

አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው የመጨረሻዎቹ ጥቂት ሴንቲሜትሮች ላይ በመቸኮል ነው። የውሃውን ዘንግ ቀጥ አድርገው ይያዙ፣ ያለማቋረጥ ከጎን ወደ ጎን ያንቀሳቅሱት፣ ጫፉን ከመስመሩ 20 ሴንቲሜትር ያርቁ። አንድ ቦታ ላይ አያቁሙት፣ አፈር ውስጥም አይውጉት። አፈሩ ድንገት ቀለሙን ቀይሮ ንጹሕ አሸዋ ከመጣ ወይም የማስጠንቀቂያ ፕላስቲክ ጫፍ ብቅ ካለ መስመሩ ቅርብ ነው፤ ያኔውኑ ግፊቱን ይቀንሱ። ለፍተሻ ከሆነ 30 በ30 ሴንቲሜትር የሆነ ቀዳዳ ይበቃል።

የመምጠጫውን ቱቦ አፍ ጭቃው ውስጥ አይድፈቁት። ጭቃውን ተሸክሞ የሚያወጣው አብሮ የሚገባው አየር ነው፤ አየር ካጣ ይታፈናል። ሲታፈንም መጀመሪያ ቫኪዩሙን ያጥፉ እንጂ እጅ አይስደዱ፤ እጅን ውጦ ይይዛል።

ሸክላ አፈር ሲያስቸግር ግፊት ለመጨመር ያጓጓል፤ ግን አይጨምሩ፣ ይልቅ ከዳር በቀጭን ቁራጭ እየፈለጡ ይሂዱ። አሸዋ ግን ከሥር እየተሸረሸረ ስለሚደረመስ ውሃ ቀንሰው መምጠጡን ያብዙ። ከሥሩ አፈር የተወሰደበት ቱቦ በራሱ ክብደት ሊጎብጥ ስለሚችል ወዲያው በገመድ ወይም በእንጨት ይደግፉት።

ጥልቀቱ 1.5 ሜትር ከደረሰ ያለ ግድግዳ ድጋፍ ማንም አይግባ። እርጥብ ግድግዳ ከደረቅ ቶሎ ይናዳል፣ ስለዚህ ባነሰ ጥልቀትም ይፈተሽ። ውሃው ቆዳ ከበሳ ደግሞ ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ቢያክል እንኳ ጭቃና ጀርም ወደ ውስጥ ገብቷል፦ ነገ እናየዋለን አይባልም፤ ተጎጂው ወዲያው ሆስፒታል ይሂድ፣ ለሐኪሙም የውሃው ግፊት ስንት እንደነበር ይነገረው።

ሲዘጋ ያንኑ ጭቃ አይመልሱት፤ እየደረቀ ሲሄድ መሬቱ ይሰምጣል። መስመሩን በአሸዋ ከበው፣ ከላዩ ደረቅ አፈር በየ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር እየደለደሉ ይጠቅጥቁ። ጭቃው በተፈቀደ ቦታ ይደፋ እንጂ ወደ ጎርፍ ማስወገጃ አይለቀቅ፤ እዚያው ረግቶ ቱቦውን ይደፍናል። ነዳጅ ነዳጅ የሚሸት ጭቃ ከሌላው ጋር ሳይቀላቀል ለብቻው ይያዝ።