በሎስ አንጀለስ የአይስክሬም መኪና ፈቃድ እንዴት ይወጣል?

ብዙ ሰው ወደ ፈቃዱ የሚሄደው መኪናውን ከገዛ በኋላ ነው፤ ገንዘቡ የሚባክነውም እዚያ ላይ ነው። የምትሸጡትን ወስኑ፣ ኮሚሰሪ (መኪናው የሚያድርበትና የሚታጠብበት ግቢ) ያዙ፣ ፕላን (የመኪናውን ሥዕል) በጤና መምሪያው አስጸድቁ፣ ለመኪናው ገንዘብ የምታወጡት ከዚያ በኋላ ይሁን። የጤና ፈቃድ ተለጣፊ ያለበት ያገለገለ መኪና «ፈቃዱ አብሮ ይሄዳል» ተብሎ ሲቀርብላችሁ አትመኑ። በካሊፎርኒያ የጤና ፈቃድ ከባለቤት ወደ ባለቤት አይተላለፍም፤ ገዢው በራሱ ስም እንደ አዲስ ማመልከት አለበት።

1. የታሸገ ወይስ ከማሽን?

ከፋብሪካ ታሽጎ የመጣ አይስክሬም ብቻ የምትሸጡ ከሆነ መንገዱ አጭር ነው፤ መኪናው ውስጥ የእጅ መታጠቢያ እንኳን አይጠየቅም። ከማሽን እየቀዳችሁ በኮን የምትሸጡ ከሆነ ግን የግዛቱ የምግብ ሕግ ብዙ ይጠይቃል። የእጅ መታጠቢያው ቢያንስ 9 በ9 ኢንች ስፋት፣ 5 ኢንች ጥልቀት ሊኖረው ይገባል። ባለ ሦስት ክፍል የዕቃ ማጠቢያና ሙቅ ውኃም ያስፈልጋል። ንጹሕ ውኃ ለእጅ ብቻ 5 ጋሎን፣ ለዕቃ ማጠቢያ ደግሞ 25 ጋሎን ይያዛል። የቆሻሻ ውኃው ታንከር ከንጹሑ በግማሽ መብለጥ ስላለበት፣ ለ30 ጋሎን ንጹሕ ውኃ የ45 ጋሎን ታንከር ታስገባላችሁ። ሠራተኛ የሚቆምበት መተላለፊያ 30 ኢንች ስፋት፣ ከወለል እስከ ጣሪያ 74 ኢንች ቁመት ይፈልጋል። ያገለገሉ ቫኖች ብዙ ጊዜ የሚወድቁት በዚህ በቁመቱ ነው፤ ጣሪያ ማስነሣት ደግሞ ውድ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ሜትር ይዛችሁ ሂዱ።

ማሽኑ ሌላም ጣጣ አለው። የሚገባበት ድብልቅ ወተት ስለሆነ ከካውንቲው ፈቃድ በተጨማሪ የግዛቱ የምግብና ግብርና መሥሪያ ቤት የራሱን ላይሰንስ ይጠይቃል። ይህን ብዙዎች የሚያውቁት ማሽኑን ካስገጠሙ በኋላ ነው። ለመጀመሪያው ዓመት የምንመክረው የታሸገውን ነው።

2. ኮሚሰሪ

ኮሚሰሪ መኪናው የሚታጠብበት፣ ዕቃ የሚጭንበትና የሚያድርበት፣ ጤና ቢሮው የሚያውቀው ግቢ ነው። በሥራ ቀን ቢያንስ አንድ ጊዜ እዚያ መግባት ግዴታ ነው፤ የቤታችሁ ጋራዥ አይተካውም። ለማመልከቻው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል።

ለአይስክሬም ሰው ትልቁ ጥያቄ ሶኬቱ ነው። ብዙ የአይስክሬም መኪኖች ያላቸው ኮልድ ፕሌት የሚባለው ፍሪዘር ነው፦ ሌሊቱን ተሰክቶ በፕሌቶቹ ውስጥ ያለውን ፈሳሽ በረዶ ያደርጋል፣ ቀን ያለ ኤሌክትሪክ ቅዝቃዜውን ይዞ ይውላል። ስለዚህ ሳትፈርሙ ሶኬቱ ስንት ቮልትና ስንት አምፒር እንደሆነ፣ ከስንት መኪና ጋር እንደምትጋሩት፣ መብራቱ ኪራዩ ውስጥ ይግባ አይግባ ጠይቁ። ብሬከሩ ሌሊት ከጣለ ጠዋት ለስላሳ ዕቃ ታገኛላችሁ። እሱን መልሶ ማቀዝቀዝ አያድነውም፤ በረዶ ይሠራል፣ ቅርጹ ይጠፋል፣ ልጆቹም ወዲያው ያውቁታል።

3. ወረቀቶች

ከኮሚሰሪው ፍለጋ ጎን ለጎን እነዚህን ጨርሱ። የንግድ ስማችሁ ከራሳችሁ ስም የተለየ ከሆነ በካውንቲው ጸሐፊ ቢሮ ይመዘገባል፤ ከዚያ በጋዜጣ በሳምንት አንዴ ለአራት ሳምንት ይወጣል። የሻጭነት ፈቃድ (ሴለርስ ፐርሚት) ከግዛቱ የታክስ መሥሪያ ቤት በነጻ ይሰጣል። የምግብ አያያዝ ካርድ ፈተናው በ70 ከመቶ ያልፋል፣ ካርዱም 3 ዓመት ያገለግላል። ኢንሹራንሱ ለንግድ መኪና የሚሆን ይሁን፤ በግል መኪና ኢንሹራንስ ስትነግዱ አደጋ ቢደርስ ላይከፍሏችሁ ይችላሉ።

4. ፕላንና ኢንስፔክሽን

የመኪናውን ሥዕል ከነልኩ፣ ከእያንዳንዱ ዕቃ ሞዴል ጋር ለካውንቲው የጤና መምሪያ ታስገባላችሁ። ማጽደቂያው ሳይመጣ ምንም ነገር አታስገጥሙ፤ የተበየደን ነገር መንቀል ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

በኢንስፔክሽን ቀን የሚጥሉት ነገሮች ተመሳሳይ ናቸው። አንዱ የቤት ፍሪዘር ነው፦ ዕቃው ለንግድ ንጽሕና የተመሰከረለት መሆን አለበት፤ ክብ የሆነውን የኤንኤስኤፍ ምልክት ፈልጉ። ሌላው ጽሑፉ ነው። የንግዱ ስም በገዢው በኩል ባለው ጎን ቢያንስ 3 ኢንች በሆነ ፊደል፣ ከተማው፣ ግዛቱና ዚፕ ኮዱ ቢያንስ በ1 ኢንች፣ ከመኪናው ቀለም ጎልቶ በሚታይ ቀለም ይጻፋል። ጽሑፉ ቋሚ መሆን ስላለበት ተነቃይ ማግኔት አታድርጉ። ፍሪዘሩም ቀድሞ በርዶ፣ ቴርሞሜትር ውስጡ ተቀምጦ፣ 0 ፋራናይት አካባቢ እያሳየ ይቅረብ።

5. መንገድ ላይ

እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፣ የልጆች ሕይወት ነውና። የካሊፎርኒያ የተሽከርካሪ ሕግ አንቀጽ 22456 የአይስክሬም መኪና በመኖሪያ ሰፈር ሲሸጥ ከፊትም ከኋላም «ማስጠንቀቂያ» እና «ልጆች ይሻገራሉ» የሚል የእንግሊዝኛ ምልክት እንዲኖረው ያዛል። ምልክቱ ቢያንስ 12 በ48 ኢንች፣ ፊደሉ ቢያንስ 4 ኢንች ይሆናል። የፍጥነት ገደቡ በሰዓት ከ25 ማይል በላይ በሆነ መንገድ ላይ ቆሞ መሸጥ ክልክል ነው። የሚጋርድ ነገር ኖሮ በሁለቱም አቅጣጫ 200 ጫማ ያህል መንገዱ የማይታያችሁ ከሆነም እንደዚሁ። ከአንድ ሰዓት በላይ በአንድ ቦታ ከቆማችሁ ደግሞ በ200 ጫማ ውስጥ የምትጠቀሙበት የተፈቀደ መጸዳጃ ቤት ሊኖር ይገባል።

በካውንቲው ውስጥ 88 ከተሞች አሉ። ፌርፋክስ ላይ ያለችው ትንሿ ኢትዮጵያ በሎስ አንጀለስ ከተማ ውስጥ ስለሆነች የዚያን ከተማ የንግድ ታክስ ምዝገባ ትይዛላችሁ፤ ወደ ኢንግልዉድ ወይም ከልቨር ሲቲ ስትሻገሩ የእነሱን ጠይቁ። ፓሳዴና፣ ሎንግ ቢችና ቨርነን ደግሞ የራሳቸው የጤና መሥሪያ ቤት አላቸው፤ የካውንቲው ተለጣፊ እዚያ አይሠራም።