ለትንሽ መድረክ ኤሌክትሮኒክ ድራም ስትመርጡ ከሞጁሉ ጀርባ ጀምሩ

የመጀመሪያውን ኤሌክትሮኒክ ድራሜን የመረጥኩት ሄድፎን አድርጌ ነው። ኪኩ (በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም) ደረት የሚመታ፣ ሲምባሉ ጥርት ያለ ነበር። መድረክ ላይ ወስጄ በጊታር አምፕ ሳጫውተው ግን ካርቶን የሚደበደብ መሰለ። ቤዝ የሚጫወተው ጓደኛዬ ዞር ብሎ «ኪኩ የት ገባ?» አለኝ። ጥፋቱ የድራሙ አልነበረም። የጊታር አምፕ ለጊታር የተሠራ ስለሆነ ኪክ ጉልበቱን የሚያገኝበትን ከ50 እስከ 100 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ በደንብ አያወጣም፤ የሲምባሉንም ቅጥነት ይበላዋል።

ስለዚህ ያላችሁን ገንዘብ በሙሉ ድራሙ ላይ አታውሉት። የምትጫወቱበት ቦታ የራሱ የድምፅ መሣሪያ ከሌለው፣ ውስጡ አምፕ ያለው ባለ 12 ወይም ባለ 15 ኢንች ፉል ሬንጅ (ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ድምፅ የሚያወጣ) ስፒከር ያስፈልጋችኋል። መካከለኛ ድራም ከጥሩ ስፒከር ጋር፣ ውድ ድራም ከደካማ ስፒከር ጋር ከሚሰጠው ይሻላል።

ከዚያ ሞጁሉን፣ ማለትም የድራሙን ድምፅ የሚፈጥረውን ሳጥን፣ አዙሩና ጀርባውን እዩ። ከሄድፎኑ የተለየ የግራና የቀኝ መውጫ ከሌለው ለመድረክ አትግዙት። የሄድፎንና የዋናው መውጫ ድምፅ በየራሱ ማስተካከያ ቢሠራ ደግሞ፣ የራሳችሁን ስትጨምሩ አዳራሹ አይጮህም። ውድ የሆኑት ሞጁሎች ለኪክና ለስኔር (ከፊታችሁ ለሚቀመጠው ዋና ድራም) የየራሳቸው መውጫ አላቸው፤ ሳውንድማኑ ኪኩን ብቻ ከፍ ማድረግ ሲፈልግ ዋጋው ያኔ ይታወቃል። የእኔ ሞጁል ይህ የለውም። እኔ የማደርገው ኪኩን በፓን (ድምፁን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ በሚያዞረው ማስተካከያ) ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ፣ የቀረውን ሁሉ ወደ ቀኝ መላክ ነው። ሳውንድማኑ ሁለቱን ገመዶች በሁለት ቻናል ተቀብሎ መሃል ላይ ያደርጋቸውና ኪኩን ለብቻው ይይዘዋል። ሞጁሉ እያንዳንዱን ፓድ (በስቲክ የሚመታውን ክፍል) ፓን ማድረግ መፍቀዱን ሳትገዙ ጠይቁ። ሚክሰሩ ከአምስት ስድስት ሜትር በላይ የሚርቅ ከሆነ ዲአይ ቦክስ (ድምፁ በረጅም ገመድ ሳይበላሽ እንዲሄድ የሚያደርግ ትንሽ ሳጥን) ያዙ፤ ያለዚያ ገመዱ ጉምጉምታ ይሰበስባል።

ወደ ፓዶቹ ስንመጣ፣ ሮላንድ በ1997 እ.ኤ.አ. ቲዲ-10ን ካወጣ ወዲህ የተለመደው መረብ የለበሰው ሜሽ ፓድ ከጎማው ይመረጣል። በእጅ የሚሰማው ስሜት ብቻ አይደለም ምክንያቱ። ጠባብ ቤት ውስጥ ድምፅ ቀንሳችሁ ስትጫወቱ፣ ፊት የተቀመጠው ሰው ከስፒከሩ ይልቅ ስቲክ ጎማ ላይ ሲያርፍ የሚወጣውን ጧ ጧ ነው የሚሰማው። ቶሞቹ (ከስኔሩ ዙሪያ ያሉት ድራሞች) ባለ 8 ኢንች ቢሆኑ ችግር የለውም። ስኔሩ ግን ከ10 ኢንች ባያንስ፣ 12 ቢሆን ደስ ይለኛል።

ከሁሉም በላይ ጊዜ ስጡት የምለው ሀይ-ሃቱን፣ በፔዳል የሚከፈትና የሚዘጋውን ሲምባል ነው። በስቲክ እኩል እየመታችሁ እግራችሁን ከፔዳሉ ቀስ፣ በጣም ቀስ አድርጋችሁ አንሱ። ድምፁ ከዝግ ወደ ክፍት እየፈሰሰ ካልሄደ፣ በሁለት ደረጃ ብቻ የሚዘል ከሆነ፣ ቀስ ባለ ዘፈን ላይ ሁሌም ያናድዳችኋል። ስቲኩን ሳትጠቀሙ በእግር ብቻ ስትረግጡትም «ቺክ» የሚለው ድምፅ ጥርት ብሎ ይምጣ። ቀጥላችሁ ስኔሩን በጣት ጫፍ ያህል በቀስታ ንኩት፤ ያንን ካልሰማ ሌላው ባሕርይው አይጠቅማችሁም።

አንድ ምሽት ማንም ሳይነካው ፍሎር ቶሜ ይመታ ጀመር። የቤዙ ስፒከር ከጎኔ ነበር፤ ዝቅተኛ ኖታ በተጫወተ ቁጥር የእንጨቱ መድረክ ይንቀጠቀጥና ፓዱ ተመታሁ ብሎ ያስባል። የዳነው የዚያን ፓድ ትሬሾልድ (ፓዱ ድምፅ ለማውጣት የሚፈልገውን ትንሹን የምት ኃይል) ከፍ ሳደርግና ስፒከሩን ሳርቅ ነው። እናንተም የምትሞክሩትን ድራም የብረት መደርደሪያውን በቡጢ ኳ ኳ አድርጉት። ፓዶች ከጮኹ፣ ትሬሾልዱና ክሮስቶኩ (አንዱ ፓድ ሲመታ ሌላው እንዳይጮህ የሚከላከለው ማስተካከያ) ለእያንዳንዱ ፓድ የሚስተካከል መሆኑን አረጋግጡ።

ቦታው በጣም ጠባብ ከሆነ ደግሞ ሙሉ ድራም ባይሆንም ይሠራል። እንደ ሮላንድ ኤስፒዲ-ኤስኤክስ ያለ ባለ 9 ፓድ መሣሪያ ከኪክ ፔዳልና ከኪክ ፓድ ጋር በአንድ ስታንድ ይቆማል፤ ሦስት ሰው ለሚጫወትበት ጥግ ይበቃል።

የሚሸጥላችሁን ሰው በመጨረሻ አንድ ነገር ለምኑት፦ ሄድፎኑን ነቅሎ ከስፒከር ጋር ያገናኘው፣ ሌላ ሰው ይጫወት፣ እናንተ ሦስት አራት ሜትር ርቃችሁ ቁሙ። ከተስማማችሁም ከድራሙ ጋር ትርፍ አዳፕተርና ሁለት ትርፍ የፓድ ገመድ ግዙ። አብዛኞቹ ሞጁሎች ባትሪ የላቸውም፤ አዳፕተሩ ከተቃጠለ የዚያ ምሽት ድራም አብሮ ያበቃል።