የድሮ የእንግሊዝ ኮሜዲን ለልጆችና ለአያት እንዴት እናሳይ?

ፍኖተ ሰላም ልጅ እያለሁ የቪዲዮ ቤት መግቢያ 50 ሳንቲም ነበር። አግዳሚ ወንበር፣ በጨርቅ የተጋረደ መስኮት፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ የካሴት ማጫወቻ። ከቴሌቪዥኑ ጎን አስተርጓሚው ይቆማል። የህንዱንም የካራቴውንም ፊልም በአማርኛ የሚነግረን እሱ ነው፤ ግማሹን ከራሱ ይጨምርበት እንደነበር ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ዋናው ፊልም ከመጀመሩ በፊት ታዲያ ሚስተር ቢን ይከፈታል። ያኔ አስተርጓሚው ሥራ የለውም። እኛ መሀል ገብቶ ይቀመጥና እንደኛው ሆዱን ይዞ ይስቃል።

ያ ሳቅ ቤት ውስጥም ይመለሳል። ባለፈው ፋሲካ ቤተሰቡ ሲሰበሰብ አድርጌዋለሁ። የ5 ዓመት የእህቴ ልጅ ነበረች፣ አሥራዎቹ ውስጥ የገቡ ሁለት ወንዶች፣ እናቴ፣ እና እንግሊዝኛ የማይሰሙት አያቴ፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው። እንዴት እንዳዘጋጀሁት ልንገራችሁ፣ እናንተም ሞክሩት።

ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። ቃል የሌለበትን አስቀድሙ። እኔ የመጀመሪያው ማታ በንግግር የተሞላ ኮሜዲ ከፈትኩ፣ ልጆቹ 10 ደቂቃ ሳይቆዩ ተበተኑ፣ እማማም መቁጠሪያቸውን ይዘው ወደ ጓዳ ገቡ። በማግስቱ ከሚስተር ቢን ጀመርኩ። ማንም ከቦታው አልተነሳም።

ሚስተር ቢን መጀመሪያ የታየው ጃንዋሪ 1 ቀን 1990 እ.ኤ.አ. አይቲቪ በሚባለው የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ጣቢያ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) እስከ 1995 ድረስ የተሠሩት ክፍሎች 15 ብቻ ናቸው። ልጅነቱን ሙሉ ሲያየው ለኖረ ሰው 15 ማለት በጣም ትንሽ ነው፣ እኔ መጀመሪያ ስሰማ አላመንኩም። ተዋናዩ ሮዋን አትኪንሰን በኒውካስልና በኦክስፎርድ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ የተማረ ሰው ነው። ቢንን ሲገልጸው በትልቅ ሰው ገላ ውስጥ ያለ ልጅ ነው ይላል። የ5 ዓመቷ ልጃችን ማንም ሳያስረዳት የገባትም ለዚህ ይመስለኛል፣ የምታየው አንድ እኩያዋን ነው።

ከየትኛው እንጀምር ካላችሁ፣ ከመጀመሪያው ክፍል። ውስጡ ሦስት ታሪክ አለ። አንደኛው ፈተና ክፍል ነው፦ ሰውየው ያጠናው ትሪጎኖሜትሪ፣ ከፖስታው ያወጣው ወረቀት ካልኩለስ። ከዚያ ጎረቤቱን ለመቅዳት የማያደርገው የለም። የሚኒስትሪ ፈተና የተፈተነ ልጅ ሁሉ እዚህ ጋ ይሞታል በሳቅ። ሁለተኛው ባህር ዳርቻ ላይ ልብስ ሲቀይር ነው፣ ለአያት ፊት አይመችም ካላችሁ እለፉት። ሦስተኛው ግን እንዳያመልጣችሁ። ቤተ ክርስቲያን ገብቶ እንቅልፍ ይጥለዋል። ለመንቃት ይታገላል፣ አይችልም፣ ቀስ እያለ ወደ መሬት ይወርዳል። መዝሙሩንም አያውቀውም። የሚያውቃት አንዲት ቃል ብቻ ናት፣ እሷ ስትደርስ ጣሪያው እስኪነቃነቅ ይጮሃል፦ ሃሌ ሉያ! ማኅሌት ቆመው ያደሩ ሰው እንቅልፍ ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ፣ ያቺንም ቃል ያውቃሉ። እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሲስቁ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ መልሱልኝ ብለው አዩት።

ቀጥሎ በ1994 የወጣውን፣ ቢን ከትንሿ ሚኒ መኪናው ጣሪያ ላይ ባለ አንድ ሰው ሶፋ አስሮ፣ ሶፋው ላይ ተቀምጦ በገመድና በመጥረጊያ እንጨት የሚነዳበትን አሳዩ። አይሱዙ ላይ ዕቃ ተጭኖ፣ ዕቃው ላይ ሰው ተጭኖ ሲያልፍ እያየ ላደገ የቡሬ ወይም የደጀን ልጅ ምንም ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ለትንንሾቹ ደግሞ በጉ ሾን አለላችሁ። ይኼ እንኳን ከእኔ ልጅነት ትንሽ ቆየት ብሎ፣ በ2007 የጀመረ ነው፤ ግን ለጎጃም ልጅ ከዚህ የሚቀርብ የእንግሊዝ ፕሮግራም አላውቅም። በግ አለ፣ ውሻ አለ፣ ገበሬ አለ። ገበሬው ዞር ሲል በጎቹ ያሻቸውን ያደርጋሉ። በግ የጠበቀ ልጅ ሾን ምን ሊያደርግ እንደሆነ ቀድሞ ይነግራችኋል። ገበሬው ሲናገር እንኳ ያጉረመርማል እንጂ ቃል አያወጣም፣ ስለዚህ የባህር ዳሩም የብሪስቶሉም ልጅ እኩል ነው የሚሰማው። የተሠራው ብሪስቶል ከተማ፣ አርድማን በሚባለው ስቱዲዮ ነው። አሻንጉሊቶቹን በእጅ ትንሽ ትንሽ እያንቀሳቀሱ አንድ በአንድ ፎቶ ያነሷቸዋል፤ ለአንድ ሴኮንድ እስከ 25 ምስል ያስፈልጋል። ይህን ለትልልቆቹ ልጆች ንገሯቸው። የእኛዎቹ በማግስቱ ከጭቃ በሬ ሠርተው በስልክ ሲያነሱ ዋሉ። አንዱ ክፍል 7 ደቂቃ ያህል ስለሆነ ትንሿ ልጅ ሳትሰለች ያልቃል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ክላንገርስ ነው፣ በ1969 ቢቢሲ ላይ የጀመረ። አንዲት ትንሽ ፕላኔት ላይ የሚኖሩ፣ ከሮዝ ክር በእጅ የተሠሩ፣ አይጥ የሚመስሉ ፍጥረቶች ናቸው። የሚነጋገሩት በፉጨት ነው። ጸሐፊው ኦሊቨር ፖስትጌት ንግግራቸውን መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ይጽፈዋል፣ ከዚያ እያንዳንዱን መስመር ዜማውን ጠብቆ በፊሽካ ይነፋዋል። ሥራው የሚሠራው ካንተርበሪ አጠገብ፣ የባልደረባው የፒተር ፈርሚን እርሻ ውስጥ ባለ ጎተራ ነበር። አሻንጉሊቶቹን የሠራቻቸው የፈርሚን ሚስት ናት። እዚህ ላይ እንዲህ አድርጉ፦ ድምፁን ክፈቱት፣ አንድ ፉጨት ሲያልቅ አቁሙት፣ “ምን አለ?” ብላችሁ ጠይቁ። ቤት ውስጥ ዋሽንት የሚነፋ ካለ ደግሞ መልሱን በዋሽንት ይስጥ። የእኛ ትልቁ ልጅ ከብት ሲጠብቅ የለመደውን ነፋላቸው፣ ትንሿ ልጅም “ና ራት ደርሷል አለው” ብላ ተረጎመችልን።

አንድ ነገር ልጨምር። በክረምት የምታሳዩ ከሆነ ቃል የሌለበትን ብቻ ምረጡ። ዝናቡ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ የትኛውም ስፒከር አያሸንፈውም።

አሁን ወደ ንግግር ያለባቸው እንምጣ። እዚህ አስተርጓሚ ያስፈልጋል፣ አስተርጓሚው ደግሞ እናንተ ናችሁ። ቀድማችሁ ሁለት ጊዜ እዩት። ሳቁን አትቅደሙት፦ “አሁን ይወድቃል” ካላችሁ ሲወድቅ የሚስቅ የለም። ተዋናዩ አፉን ሲዘጋ እናንተ ክፈቱ፣ የእኛ የቪዲዮ ቤት ሰው ጥበቡ እሱ ነበር። እያንዳንዱን ቃል ለመተርጎም አትሞክሩ፤ ሰውየው ምን እንደፈለገ፣ ምን እንደተሰማው ከተናገራችሁ ይበቃል። ስማቸውንም ቀይሩ። ባዚል ፎልቲ ለእማማ አልያዘላቸውም፣ “ቁጡው ባለ ሆቴል” ስላቸው ግን ወዲያው ያዙት።

ባዚልን ካነሳሁ አይቀር፣ ፎልቲ ታወርስ ለትልልቆች በጣም የምመክረው ነው። በ1975 ስድስት፣ በ1979 ስድስት፣ በድምሩ 12 ክፍል። ጆን ክሊስ ከኮኒ ቡዝ ጋር የጻፈው፣ ቶርኪ በምትባል የባህር ዳርቻ ከተማ ያረፈበት ሆቴል ባለቤት እንግዶቹን እንዴት እንደሚያመናጭቅ አይቶ ነው። እዚያ ማኑኤል የሚባል አስተናጋጅ አለ፣ ከባርሴሎና የመጣ፣ እንግሊዝኛ በቅጡ የማይሰማ። ያልገባውን ሁሉ “እሺ ጌታዬ” እያለ ሲያልፍ አስቡት። አገሩን ለቆ፣ ቋንቋውን በማያውቀው ከተማ እንጀራ የፈለገ ሰው ያለበት ቤተሰብ ማኑኤልን ይወደዋል። ባዚል ግን ይማታል፣ ስለዚህ ትንንሾቹ ከተኙ በኋላ ክፈቱት።

ከሁሉ የሚከብደው በቃላት የሚጫወተው ነው። ግን ለእኛ ለጎጃሞች ደስታውም እዚህ ነው፣ ዋሸራና ዲማ የሚባሉት የቅኔ ቤቶች ያሉበት አገር ሰው በአንድ ቃል ሁለት ነገር መስማትን ከማንም አይማርም። ሁለቱ ሮኒዎች፣ ሮኒ ባርከርና ሮኒ ኮርቤት፣ በ1976 የሠሯት የሱቅ ጭውውት አለች። ገበሬ የሚመስል ሰው ሱቅ ገብቶ “ፎር ካንድልስ” ይላል። ባለሱቁ አራት ሻማ ያወጣለታል። ሰውየው ግን የፈለገው “ፎርክ ሃንድልስ” ነው፣ የመንሽ እጀታ። እንዲህ እያሉ አንዱ የጠየቀውን ሌላው ሌላ እየሰማ እስከ መጨረሻው ይሄዳሉ። ኅብረ ቃል ማለት ይኸው አይደል? የጻፈው ባርከር ራሱ ነው፤ ጽሑፎቹን የሚሰጠው ጄራልድ ዋይሊ በሚል የብዕር ስም ነበር፣ በዝናው ሳይሆን በሥራው እንዲመዘን ብሎ።

ይህቺን መተርጎም አይቻልም፣ አትድከሙ። አንዴ አሳዩአቸው፣ ዘዴውን ንገሯቸው፣ ከዚያ የራሳችሁን በአማርኛ ሥሩ። እኛ ቤት የተሠራችው ይቺ ናት። ሱቁ አዲስ አበባ፣ ታክሲ ተራ አጠገብ ነው። አንዱ ልጅ እየሮጠ ይገባና “አራት ኪሎ!” ይላል። ባለሱቁ አራት ኪሎ ስኳር ይመዝናል። “ኧረ አይደለም፣ ካጣሁ ስድስት ኪሎም ይሆነኛል” ሲለው ሁለት ኪሎ ይጨምርለታል። ልጁ ታክሲ አጥቶ፣ ባለሱቁ ስኳሩን ተሸክሞ እየተከተለው ወጡ። አስተማሪ የሆነው ያጎቴ ልጅ፣ አያ የምንለው፣ ወዲያው ሌላ ሦስት ጨመረላቸው።

መሀል ላይ እጅ የሚያሠራ ነገር አስገቡ። ብሉ ፒተር የሚባለው የልጆች ፕሮግራም ከ1958 ጀምሮ ያለ ነው፤ ከሚታወቅበት አንዱ ከባዶ ጠርሙስና ከካርቶን ነገር መሥራት ነው። አቅራቢዋ ሥራውን ትጀምርና ጊዜ እንዳይወስድ ቀድማ የጨረሰችውን ከጠረጴዛ ሥር ታወጣለች። እናንተም እንደዚያው፣ አንድ ያለቀ የጨርቅ ኳስ ወይም የሽቦ መኪና ደብቃችሁ አስቀምጡ። ልጆቹ ምን እንደሚመስል ካዩ ቶሎ ይይዙታል። ለቡሄ ሰሞን ከሆነ ጅራፍ መግመድ አለ። እግረ መንገዳችሁን አባባ ተስፋዬ ሳህሉን አንሱላቸው። “የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች” ብለው የጠሩን እሳቸው ናቸው፣ እና የእኛ የልጅነት ቴሌቪዥን ያለ እሳቸው አይሟላም። እናቴ ስማቸው ሲነሳ ተረታቸውን ጀመረች፣ ቴሌቪዥኑን አጥፍተን ሰማናት።

ዕቃውን በአጭሩ፦ የሚስተር ቢንም የበጉ ሾንም የራሳቸው የዩቲዩብ ቻናል አላቸው። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሆናችሁ ቀድማችሁ አውርዱ። ቴሌቪዥኑ ፍላሽ የሚያነብ ከሆነ እንግዳ ሳይመጣ ሞክሩት። ላፕቶፕም ካለ ሙሉ ቻርጅ ይደረግ፣ መብራት ሲሄድ ምሽቱ እንዳይቋረጥ። ከራት በኋላ አንድ ሰዓት ይበቃል። ቡናው ከሁለተኛው ታሪክ በኋላ ይቅረብ፣ ፈንዲሻው ግን ከመጀመሪያው።

የመጨረሻው ሥራ ነገ የሚሠራ ነው። ቢቢሲ በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ቴፕ ውድ ስለነበር የድሮውን እያጠፋ ሌላ ይቀዳበት ነበር። ዳድስ አርሚ ከተባለው ታዋቂ ኮሜዲ 80 ክፍሎች ውስጥ ሦስቱ እስከ ዛሬ የሉም፣ ሌሎች ሁለት የጠፉ ክፍሎች የተገኙት በ2001 ነው። እኛም አስተርጓሚያችንን ማንም አልቀዳውም። ድምፁ ጆሮዬ ውስጥ አለ፣ ለልጆቹ ግን ላሰማቸው አልችልም። ስለዚህ ስልካችሁን አዘጋጁ። በማሳያው ማታ ሳይሆን በማግስቱ ጠዋት፣ ጎረቤት ለቡና ሲመጣ፣ ያየ ሰው ላላየ ሲያወራ ነው የሚቀዳው። እኔ የእማማን 11 ደቂቃ ቀድቻለሁ። በእሳቸው አነጋገር ሚስተር ቢን ደጀ ሰላም ላይ ያንቀላፋ “ያ ቀጭኑ ልጅ” ሆኗል፣ እናቱ ምሳ ሳታበላው ነው የላከችው፣ ሃሌ ሉያውን ደግሞ እሳቸው ራሳቸው ይጮሁታል።