የግቢ መተላለፊያ አርማታ አሞላል

ከውጭ በር እስከ ቤቱ ደጃፍ 8 ሜትር ርዝመትና 1 ሜትር ስፋት ያለውን መተላለፊያ በ10 ሳ.ሜ ውፍረት ለመሙላት 0.8 ሜትር ኩብ አርማታ ይበቃል። ብክነቱ ታስቦ 7 ከረጢት ሲሚንቶ (ሦስት ኩንታል ተኩል)፣ ግማሽ ሜትር ኩብ አሸዋና 0.7 ሜትር ኩብ 02 ጠጠር (ለአርማታ የሚሆን መካከለኛ ጠጠር) ይግዙ።

አሸዋውን ሳይፈትኑ አይቀበሉ። ሃይላንድ ውስጥ 10 ሳ.ሜ ያህል አሸዋ ጨምረው ውሃ ይሙሉበት፣ በደንብ ንጠው ሁለት ሦስት ሰዓት ያስቀምጡት። አሸዋው ከታች ይዘቅጣል፣ ጭቃው ከላዩ ይተኛል። የጭቃው ሽፋን ከ6 ሚ.ሜ ከበለጠ አሸዋው ይታጠብ ወይም ይመለስ፤ ጭቃ ያለበትን አሸዋ ሲሚንቶ አይዘውም።

ቦታውን 20 ሳ.ሜ ቆፍረው ግማሹን ድንጋይና ጠጠር አንጥፈው ይጠቅጥቁ። ጥቁር ዋልካ አፈር ከሆነ ግን ይህ አይበቃም። ዋልካ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ የተሸከመውንም ያነሳዋል። ግማሽ ሜትር ያህሉን አውጥተው በሰሌክት ማቴሪያል (ተመርጦ በሚመጣ የማያብጥ የሙሌት አፈር)፣ በየ15 ሳ.ሜው እየጠቀጠቁ ይተኩት።

ሲባጎ ወጥረው ጣውላውን ግራና ቀኝ ይትከሉ፤ ዝናቡ እንዲወርድ አንዱን ጎን በ2 ሳ.ሜ ዝቅ ያድርጉት። ከግድግዳና ከደረጃ ጋር በሚገናኝበት 1 ሳ.ሜ ፎም ያስገቡ።

መለኪያ ሳጥኑ በውስጥ 50 በ35 በ20 ሳ.ሜ ይሁን፤ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ልክ ይሞላዋል። ለአንድ ከረጢት 2 ሳጥን አሸዋ፣ 3 ሳጥን ጠጠር። ሲሚንቶና አሸዋው በደረቁ አንድ መልክ እስኪይዝ ይገልበጥ፣ ጠጠሩ ይከተል፣ ውሃ መጨረሻ ላይ። አፈር ላይ አያቡኩ፣ ጓንትና ቡትስም አይርሱ።

ሥራው የሚበላሸው በብዛት በውሃ ነው። ለአንድ ከረጢት ቢበዛ 25 ሊትር፣ ማለትም አንድ ጀሪካን ከሩብ፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ 20 ሊትር። ለአካፋ እንዲቀል «ትንሽ ቀጠን ይበል» ሲባል አይስማሙ። ትርፉ ውሃ ሲተን ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል፣ ፊቱም ሲረገጥ ዱቄት ይሆናል። ጨብጠው ሲለቁት ቅርጹን የሚይዝ፣ በጣት መካከል ውሃ የማያንጠባጥብ ከሆነ ደርሷል።

ንጣፉን አርጥበው ከሩቁ ጫፍ ይጀምሩ። አንድ ከረጢት 1.3 ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ የተቦካው በአንድ ሰዓት ውስጥ ይለቅ። ጠርዝ ጠርዙን በፌሮ ቁራጭ ይውጉት፣ ከዚያ ቀጥ ያለ ጣውላ እንደ መጋዝ ወዲህ ወዲያ እየሳቡ ያስተካክሉት።

ብዙም ሳይቆይ ፊቱ ላይ ውሃ ያብለጨልጫል። ያ ውሃ ሳይጠፋ ፍራታሶ (ፊቱ የሚስተካከልበት እጀታ ያለው ጣውላ) አይንካው። ቶሎ እንዲመጥ ደረቅ ሲሚንቶ የሚበትኑ ብዙ ናቸው፤ ውጤቱ ከወራት በኋላ የሚላጥ ቅርፊት ነው። ሊሾ፣ ማለትም በሲሚንቶ የለሰለሰ ፊት፣ ለመተላለፊያ አይሆንም፤ ዝናብ ሲነካው ያዳልጣል። ፍራታሶ ካለፈበት በኋላ በጠንካራ መጥረጊያ በአግድም ሳብ ሳብ ያድርጉት። አርማታ ሲደርቅ ይኮማተራልና በየ1 ሜትሩ 2.5 ሳ.ሜ ጥልቀት ያለው መስመር ይክፈቱለት፤ ካልከፈቱለት የሚሰነጠቅበትን ራሱ ይመርጣል።

ሲቦካ የነፈጉትን ውሃ አሁን ይስጡት። ፊቱ በጣት ሲነካ የማይታተም ሲሆን ጆንያ አልብሰው ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ያጠጡት፤ ቢያንስ 7 ቀን፣ ሲሚንቶው ፒፒሲ (PPC፣ ፖዞላና የሚባል የተፈጨ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተቀላቀለበት) ከሆነ ቀስ ብሎ ስለሚጠነክር ከ10 ቀን አያንስም። ከ2 ቀን በኋላ በእግር ይኬድበታል፣ ጆንያው ግን አይነሳ።